ደርሶ መልስ፦ ድሬዳዋ ላይ ስለ ሮኬት ያደረግሁት ንግግር

ይህን ንግግር ያደረግሁት ባለፈው ቅዳሜ አመሻሽ ላይ፣ ከዚራ አካባቢ ባለች ትንሽ አዳራሽ ውስጥ ነው። የመጡት ተማሪዎቼ፣ ጥቂት የሥራ ባልደረቦቼ፣ አንዳንድ ወላጆችና ከአባቴ ጋር የሠሩ የምድር ባቡር ጡረተኞች ነበሩ። ወደ ጽሑፍ ስመልሰው አንዳንድ ቦታ አሳጥሬዋለሁ። መብራት የሄደበትን ግን አልቆረጥኩትም፤ ያለሱ የመጥረጊያው ነገር አይገባችሁም።

ጤና ይስጥልኝ። እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ሙቀት ከቤት ወጥታችሁ መምጣታችሁ ውለታ ነው። ፀሐይዋ በረድ ስትል እንጀምር ያልኩት ለዚሁ ነበር፤ በረድ ያለች ግን አትመስልም። ማራገቢያው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ወደ እኔ ዞሯል። ወደ አባቶች አዙሩልኝ። እኔ እየለፈለፍኩ ስለሆነ ላቤ ሰበብ አለው።

በጥያቄ ልጀምር። ጠፈር ከዚህ ምን ያህል ይርቃል? ተማሪዎቼ ዝም በሉ፣ እናንተ ታውቁታላችሁ።

እሺ፣ እኔው ልመልሰው። ጠፈር የሚጀምርበት ድንበር ብለው ብዙዎች የሚይዙት 100 ኪሎ ሜትር ከፍታን ነው። ከዚህ ሐረር ስንት ነው? 50 ምናምን። እንግዲህ ጠፈር ማለት ሐረር ደርሶ መልስ ነው። ሚኒባስ ወደ ላይ መንዳት ቢችል ጠዋት ተሳፍራችሁ ለምሳ ትደርሱ ነበር። ያው፣ ደንገጎ ላይ የተበላሸ ከባድ መኪና መንገድ ካልዘጋ። ሰዎች የሚኖሩበት ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ደግሞ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከጅቡቲ ትንሽ እልፍ ብሎ ማለት ነው። ጅቡቲ ለድሬ ሰው መቼም ሩቅ አገር አይደለም። አንዳንዶቻችን ስንመለስ ምን ይዘን እንደምንመጣ ዛሬ አልናገርም።

ታዲያ ርቀቱ ይህን ያህል ብቻ ከሆነ ችግሩ ምን ላይ ነው? ፍጥነቱ ላይ ነው። እዚያ መድረስና እዚያ መቆየት ይለያያሉ። ድንጋይ ወደ ላይ ብትወረውሩ ይመለስና ራሳችሁን ይመታችኋል። እንዳይመለስ ከፈለጋችሁ ወደ ጎን ነው የምትወረውሩት፤ ያውም በጣም በኃይል። ያኔ ድንጋዩ ይወድቃል ይወድቃል፣ ምድር ደግሞ ክብ ስለሆነች ከሥሩ እየታጠፈች ታመልጠዋለች። ለዚህ የሚያስፈልገው ፍጥነት በሰከንድ 7.8 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከድሬ ሐረር በ7 ሰከንድ! አዲስ አበባ ድረስ በመኪናው መንገድ ብንለካው ደግሞ አንድ ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ።

ይህን ፍጥነት ለማግኘት ነዳጅ ይጫናል። ነዳጁ ራሱ ይከብዳል፤ እሱን ለማንሳት ሌላ ነዳጅ ይጫናል። ያም ይከብዳል። ይህን ነገር በሒሳብ አስልቶ ያስቀመጠው ኮንስታንቲን ጺዮልኮቭስኪ የሚባል ሩሲያዊ ነው። በ1903 አሳተመው። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው፤ ሁለቱን ስቀላቅል ራሴም እጠፋለሁ።) ሰውዬው በአንዲት ትንሽ ከተማ ሒሳብ የሚያስተምር መምህር ነበር። እኔም መምህር ነኝና ስሙን ስጠራ ደስ ይለኛል።

1903ን ያዙልኝ። ባቡር ድሬዳዋ የገባው በ1902 መጨረሻ ላይ ነው። አንድ ሰው እዚያ ማዶ ከምድር እንዴት እንደሚወጣ ሲያሰላ፣ እዚህ ሰው ባቡር ሊያይ ከየገጠሩ ይመጣ ነበር።

ባቡሩ ደግሞ ወደዚህ አልነበረም የሚሄደው። የታሰበው ሐረር ነበር። ከጅቡቲ በ1897 ሥራው ተጀመረ፤ ሐዲዱ እየመጣ እየመጣ ተራራው ሥር ሲደርስ ወጪው አልቻል አለ። እንግዲያው ተራራውን ትተን ከሥሩ ጣቢያ እንትከል ተባለ። ከተማዋንም መጀመሪያ አዲስ ሐረር አሏት። ይቺ ከተማ የተወለደችው ባቡር ዳገቱን መውጣት ስላልቻለ ነው። እኛ የዳገት ልጆች ነን። የሮኬትም ጠላት ያው ዳገት ነው፤ የሱ ዳገት ቀጥ ያለ መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ።

አሁን አንድ ነገር በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉልኝ። ባቡሩ ከዚህ ተነስቶ ጅቡቲ ይደርሳል። ዕቃውን ያራግፋል። ከዚያ ሎኮሞቲቩን ገፍተው ባሕር ውስጥ ይከቱታል። ፉርጎዎቹንም አስከትለው። ለሚቀጥለው ጉዞ አዲስ ባቡር ይሠራል። የአንድ ትኬት ዋጋ ስንት ይሆናል?

ትስቃላችሁ። ሮኬት ግን ለብዙ አሥርት ዓመታት እንደዚህ ነበር። ዩሪ ጋጋሪን በ1961 ምድርን የዞረው በሚጣል ሮኬት ነው። በ1969 ሰዎችን ጨረቃ ያደረሰው ሳተርን 5 ከ110 ሜትር ይረዝም ነበር። ከዚያ ሁሉ ብረት ወደ ምድር የተመለሰው ሦስት ሰው የያዘችው ክፍል ብቻ ናት። ሌላው ግማሹ ባሕር ገባ፣ ግማሹ እዚያው ላይ ቀረ።

ሰዎች ሮኬት ውድ የሆነው በነዳጁ ይመስላቸዋል። አይደለም። ፋልከን 9 የሚባለውን፣ ስፔስኤክስ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ የሠራውን ሮኬት እንይ። ቁመቱ 70 ሜትር ነው፤ ሲነሳ ወደ 550 ቶን ይመዝናል። ከሥሩ 9 ሞተር አለው። ነዳጁ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ላምባ ነው። አዎ፣ እናቶቻችን ፋኖስ የሚያበሩበት፣ ምድጃ የሚለኩሱበት ነጭ ጋዝ። በእርግጥ በጣም የተጣራ ነው፤ ዘሩ ግን ያው ነው። ይህን ላምባ በጣም ቀዝቅዞ ፈሳሽ ከሆነ ኦክስጅን ጋር ያቃጥሉታል። አንድ በረራ ለገዢ ወደ 70 ሚሊዮን ዶላር ይሸጣል። የነዳጁ ዋጋ ከዚህ ውስጥ 1 በመቶ እንኳን አይሞላም። ገንዘቡ ያለው ብረቱ ላይ ነው፤ ሞተሩ፣ ፖምፓው፣ ታንከሩ፣ የሠራው ሰው ደሞዝ ላይ።

ስለዚህ ርካሽ ጉዞ የሚፈልግ ሰው ብረቱን መመለስ አለበት። አሁን እንዴት እንደሚመለስ በቪዲዮ ላሳያችሁ...

(እዚህ ላይ መብራት ሄደ። ፕሮጀክተሩም፣ ማራገቢያውም፣ ማይኩም አብረው ሄዱ። ከኋላ አንዱ “አቦ፣ ሮኬቱ ነዳጅ ጨረሰ!” አለ። የስልክ መብራቶች በሩ። ጥበቃውን መጥረጊያ እንዲያውሰኝ ጠየቅሁት።)

ደህና፣ ይሄ ይሻላል። መጥረጊያ ለሮኬት ከቪዲዮ የተሻለ ምሳሌ ነው። ልጆች ሆነን እንጨት በመዳፋችን ላይ አቁመን ማን ቶሎ አይጥልም እንባባል ነበር። አያችሁ፣ እጄ ዝም ብሎ አይቆምም። እንጨቱ ወደ ቀኝ ሲያዘም እጄም ወደ ቀኝ ይሮጣል። ሮኬትም እንደዚሁ ነው። የሚገፋው ከሥሩ ነው፤ እንዳይወድቅ ሞተሩ ራሱ ትንሽ ትንሽ እየተጠማዘዘ ሚዛኑን ይጠብቃል። ልዩነቱ የኔ መጥረጊያ አንድ ሜትር ተኩል ናት፤ የሚመለሰው የፋልከን ክፍል ከ40 ሜትር በላይ ነው። ባለ 14 ፎቅ ቤት በመዳፍ ላይ እንደማቆም ቁጠሩት።

ጉዞው እንዲህ ነው። ሮኬቱ ሁለት ደረጃ አለው። ትልቁ የታችኛው ክፍል ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ይገፋና ሥራውን ይጨርሳል። ላይኛውና ትንሹ ክፍል ተለይቶ ጭነቱን ይዞ ይቀጥላል። ታችኛው ያኔ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ በሺዎች ኪሎ ሜትር በሰዓት እየበረረ ነው። ድሮ ታሪኩ እዚህ ያበቃል፤ ባሕር ይገባል። አሁን ግን በትንንሽ የናይትሮጅን ትንፋሽ ራሱን ያዞራል። ጭራውን ወደፊት ያደርጋል። አየሩ ወፍራም ወደሆነበት ሲጠጋ ሦስት ሞተር ለጥቂት ሰከንድ ያስነሳል፤ ካልሆነ በሙቀትና በግፊት ይሰባበራል። ከላይ በኩል ወንፊት የሚመስሉ አራት ክንፎች ይዘረጋሉ፤ መሪው እነሱ ናቸው። መጨረሻ ላይ ሞተሩን እንደገና ያስነሳና አራት እግር ዘርግቶ ይቆማል። ከተነሳ ስምንት ደቂቃ ተኩል ገደማ ሆኖታል። እዚህ ከተማ ቡና ሳይቆላ ማለት ነው።

እኔን በጣም የሚያስደንቀኝ የመጨረሻዋ ሰከንድ ናት። ሮኬቱ ነዳጁን ስለጨረሰ ባዶ ቆርቆሮ ሆኗል፤ ቀሏል። ከ9ኙ አንዱ ሞተር ብቻ፣ ያውም እሳቱ እስከ መጨረሻው ተቀንሶ፣ ከሮኬቱ ክብደት በላይ ይገፋል። ስለዚህ እንደ ሄሊኮፕተር አየር ላይ ቆሞ ቦታ መምረጥ አይችልም። ቢቆም ተመልሶ ወደ ላይ ይወጣል። ምርጫው አንድ ነው፦ ፍጥነቱ ዜሮ የሚሆንበት ቅጽበትና ከፍታው ዜሮ የሚሆንበት ቅጽበት እንዲገጥሙ ማድረግ። ቀድሞ ካቆመ ይነሳል፣ ዘግይቶ ካቆመ ይከሰከሳል። ባጃጅ ነጂ ግድግዳ ላይ በሙሉ ፍጥነት መጥቶ ግድግዳውን ሳይነካ አንድ ጣት ሲቀረው ሲያቆም አስቡት። (የባጃጅ ነጂዎቻችንን ሳስብ ምሳሌው ብዙም ሩቅ አይመስለኝም።)

ፋልከን መጀመሪያ የተሳካለት በታኅሣሥ 2015 በፍሎሪዳ የብስ ላይ ነው። በሚያዝያ 2016 ባሕር ላይ የቆመ ጀልባ ላይ አረፈ። በመጋቢት 2017 ደግሞ አንዴ የበረረ ሮኬት እንደገና ጭነት ይዞ ወጣ። እኔ ከሁሉ የማከብረው ይህን ሦስተኛውን ነው። ለምን እንደሆነ ለመናገር ወደ አባቴ ልመለስ።

እዚህ ያላችሁ አባቶች አባቴን ታውቁታላችሁ። የምድር ባቡሩ ወርክሾፕ ውስጥ መካኒክ ነበር። እነሱ “አተሊዬ” ነበር የሚሉት፤ ፈረንሳይኛው ከአፋቸው አይጠፋም። ልጅ ሆኜ ምሳውን በሳህን ቋጥሬ እወስድለት ነበር። ቶርኖው ሲጮህ፣ የጋለ ብረት ሽታ፣ ጥቁር ዘይት የጠጣ ወለል። ሊቶሪናው ዘገየ፣ ጭነቱ ዘገየ እያለ ሰው ጣቢያ ላይ ሲራገም እሱ ይስቅ ነበር። “ባቡር መንገድ ላይ አይዘገይም፤ የሚዘገየው እዚህ ነው” ይለኝ ነበር። የጉዞው ሂሳብ የሚሠራው ወርክሾፕ ውስጥ ነው ማለቱ ነው። ስንት ሰው፣ ስንት ቀን፣ ስንት መለዋወጫ ይፈልጋል? ሎኮሞቲቩ መመለሱ ብቻውን ምንም አይደለም። ተመልሶ መቼ ይወጣል?

የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር፣ ሸትል የሚባለው፣ በዚህ ጥያቄ ነው የወደቀው። ሸትል ተመላሽ ነበር። ከሚያዝያ 1981 ጀምሮ እስከ ሐምሌ 2011 ድረስ 135 ጊዜ ወጣ። ክንፍ ነበረው፤ እንደ አውሮፕላን ነበር የሚያርፈው። ሲታቀድ በሳምንት አንድ ጊዜ ያህል ይበራል ተብሎ ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ ብዙ የበረረው በ1985 ነው፤ ስንቴ? 9 ጊዜ።

ምን ሆነ? አተሊዬው በላው። ሆዱ ሥር ሙቀት የሚከላከሉ ከ20 ሺህ በላይ ጡቦች ተለጥፈዋል። አንዱ ከሌላው በቅርጽ ይለያል፤ እያንዳንዱ ቁጥር አለው። በየጉዞው መታየት፣ የተጎዳው መቀየር አለበት። ሞተሮቹ እየወጡ ይፈተሻሉ። ትልቁ ብርቱካናማ ታንከር በየጊዜው ይጣላል። ሁለቱ የጎን ሮኬቶች አትላንቲክ ውስጥ በፓራሹት ይወድቃሉ፤ መርከብ ጎትቶ ያወጣቸዋል፤ ጨው ውኃ ጠጥተዋልና ይፈታሉ፣ ይታጠባሉ፤ ከዚያ ከፍሎሪዳ እስከ ዩታ አህጉሩን አቋርጠው ይጓዛሉ። በምን? በባቡር! ይህን ሳነብ አባቴ በሕይወት ቢኖር ብዬ ተመኘሁ። ጠቅላላ ወጪው ለ135ቱ ጉዞ ሲካፈል ለአንዱ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው የሚመጣው። ከሚጣለው ሮኬት ተመላሹ ውድ ሆኖ አረፈው።

ሌላም አለ። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። በ1993 ዲሲ-ኤክስ የምትባል ትንሽ ሮኬት ኒው ሜክሲኮ በረሃ ላይ ተነስታ፣ አየር ላይ ቆማ፣ ወደ ጎን ሄዳ፣ በጭራዋ አረፈች። ከፋልከን 22 ዓመት ቀድማ። ጠፈር አልደረሰችም፤ ግን በእግር ማረፍ እንደሚቻል አሳየች። በ1996 በአንዱ በረራ አራት እግሯ መዘርጋት ሲገባው ሦስቱ ብቻ ተዘረጉ። ተገልብጣ ተቃጠለች። ምክንያቱ ሲመረመር ከመብረሯ በፊት ለአንዱ እግር ሂሊየም የሚባል ጋዝ የሚያደርስ ቱቦ ሳይገጠም ቀርቷል። አንድ ቱቦ! ሒሳቡ ትክክል ነበር፤ ሞተሩ ትክክል ነበር፤ ኮምፒውተሩ ትክክል ነበር።

(ከፊት የተቀመጡት አንድ አባት እዚህ ላይ ራሳቸውን ነቀነቁ። “ማን ፈርሞ ነው ያሳለፈው?” አሉ። ትክክለኛው ጥያቄ እሱ ነው።)

አሁን ፋልከን 9ን በዚህ ዓይን እዩት። በ2024 ብቻ ከ130 ጊዜ በላይ ወጥቷል፤ በሦስት ቀን አንዴ ገደማ። ከ30 ጊዜ በላይ የበረሩ የታችኛው ክፍሎች አሉ። አንዱ ካረፈ በኋላ ከ10 ቀን ባነሰ ጊዜ ተመልሶ የወጣበት አጋጣሚ አለ። ሸትል በጣም ፈጠነ ሲባል ሁለት ወር ሊሞላው ጥቂት ቀን ሲቀረው ነበር። ልዩነቱ ማረፉ ላይ አይደለም፤ ሁለቱም አርፈዋል። ልዩነቱ አተሊዬው ነው።

ክፍያ አለው በእርግጥ። ለመመለሻ ነዳጅ ማስቀረት አለበት። ሳይመለስ ቢቀር 22.8 ቶን ዝቅ ወዳለው ምህዋር፣ ማለትም ምድርን ወደሚዞሩበት መንገድ፣ ማድረስ ይችላል ይባላል፤ ሲመለስ ወደ 17 ቶን ይወርዳል። የሐረር ሚኒባስ መመለሻ ነዳጁን መቀመጫ ላይ ጭኖ ሁለት ሰው እንደሚያጎድል ማለት ነው። ግን ሚኒባሱን ይዞ ይመለሳል። ላይኛው ክፍል ደግሞ እስካሁን ይጣላል። ሁሉም ነገር ይመለሳል የሚላችሁ ሰው ቢኖር አትመኑት።

ስለ ላምባውም ልጨምር። ላምባ ሲቃጠል ጥቀርሻ ይተዋል። የፋኖስ ብርጭቆ በየማታው የጠረገ ያውቃል። ሮኬቱ ነጭ ሆኖ ወጥቶ ጠቁሮ ነው የሚመለሰው። ጥቀርሻው ሞተር ውስጥም ይገባል፤ ደጋግሞ ለሚበር ሞተር ይህ ራስ ምታት ነው። አዳዲሶቹ ሮኬቶች ወደ ሚቴን የዞሩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ እሱ ንጹሕ ይቃጠላል። ብሉ ኦሪጅን የሚባለው ኩባንያ ሮኬት፣ ኒው ግሌን፣ የታችኛው ክፍሉ በሚቴን ነው የሚሠራው። በጥር 2025 መጀመሪያ በረረ፣ በኅዳር 2025 በሁለተኛው ጉዞው የታችኛውን ክፍል ጀልባ ላይ አሳረፈ። የስፔስኤክስ አዲሱ ሮኬት፣ ስታርሺፕም በሚቴን ነው።

ስታርሺፕ ከ120 ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ከሥሩ 33 ሞተር አለው። በጥቅምት 2024 የታችኛው ክፍል ሲመለስ እግር እንኳን አልነበረውም። ማማው ላይ ያሉ ሁለት ትልልቅ የብረት ክንዶች አየር ላይ ቀለቡት። የዚያን ቀን ቪዲዮውን አምስት ጊዜ ሳላየው አልቀረሁም። ነገር ግን በ2025 መጀመሪያ ወራት የላይኛው ክፍል ተደጋግሞ ጠፍቷል። እሱም እንደ ሸትል ሙቀት መከላከያ ጡብ አለው፤ 18 ሺህ ገደማ። አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ቅርጽ አላቸው፤ ይህ ከሸትል የተማሩት ነው። እኔ ግን ጡብ ሲባል እፈራለሁ። ከምህዋር የሚመለስ ዕቃ እጅግ የበለጠ ይግላል። የታችኛው ክፍል ቀላሉ ነበር፤ ከባዱ አሁን ነው የመጣው።

ወደ ሰው እንምጣ። ጋዜጣው ሁሉ ሰው ማርስ ላይ ከተማ ሊሠራ ነው ይላል። እስከ ዛሬ ምህዋር የደረሰው ሰው ሁሉ ቢደመር ከ600 ጥቂት ይበልጣል። እኔ የማስተምርበት ትምህርት ቤት በአንድ ፈረቃ ከዚያ በላይ ተማሪ አለው።

ደኅንነቱን በኛ መንገድ ልንገራችሁ። ሸትል ከ135 ጉዞ 2 ጊዜ ሰዎቹን ይዞ ጠፋ፤ ቻሌንጀር በ1986፣ ኮሎምቢያ በ2003። 14 ሰው ሞተ። 2 ከ135 ትንሽ ይመስላል። ግን ከዚህ ወደ ሐረር ከሚወጡት 68 ሚኒባሶች አንዱ ገደል ቢገባ፣ ያውም በየጊዜው፣ ማን ይሳፈር ነበር? ሮኬት ሰው የሚጭን ትራንስፖርት የሚሆነው አደጋው በመቶ ሳይሆን በመቶ ሺህና በሚሊዮን ሲቆጠር ነው። ያንን ለማወቅ ደግሞ ደጋግሞ መብረር ነው እንጂ ሌላ መንገድ የለም። አዲስ የተሠራ ሮኬት ሁሉ የመጀመሪያ ጉዞው ነው። 20 ጊዜ ሄዶ የመጣን ሮኬት ግን ጠባዩን ታውቀዋለህ። እኔ ብሆን 20 ጊዜ በሄደው እሳፈራለሁ። እዚህ ከተማ ውስጥ ያገለገለ ሞተር ማንም አይፈራም፤ የሚፈራው መካኒኩን ነው።

ዋጋውም ገና ነው። የድርጅቱ ወጪ ቀነሰ ማለት የትኬቱ ዋጋ በዚያው ልክ ቀነሰ ማለት አይደለም። ተወዳዳሪ ከሌለ ነጋዴ ለምን ይቀንሳል? አሁንም አንድ ወንበር በአሥር ሚሊዮኖች ዶላር ነው። በመስከረም 2024 የመንግሥት ያልሆኑ ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ከመርከባቸው ወጥተው ጠፈር ላይ ቆመዋል፤ ጥሩ ነው፣ ግን የከፈለው ሀብታም ነው።

ማርስ ሌላ ነገር ነው። መንገዱ የሚከፈተው በ26 ወር አንዴ ነው። አንድ ጉዞ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ይፈጃል። ሰውነት ደግሞ ክብደት በሌለበት ይላላል፤ አጥንት በየወሩ ከ1 በመቶ ያላነሰ ይሳሳል። ጠፈር ጣቢያው ላይ ያሉት በቀን ሁለት ሰዓት ያህል ስፖርት የሚሠሩት ለዚሁ ነው። ጨረሩም አለ። ስታርሺፕን ጨረቃ ለማድረስ እንኳን ምህዋር ላይ ነዳጅ መቅዳት ያስፈልጋል፤ ለአንድ ጉዞ ከ10 በላይ ነዳጅ ጫኝ በረራ እንደሚፈልግ ይገመታል። ማደያው ራሱ ከጉዞው ይበልጣል። የኔ ግምት ይኸው ነው፦ ጨረቃ ላይ ተመላልሰው የሚሠሩ ሰዎችን ተማሪዎቼ ያያሉ። የማርስ ከተማን በተመለከተ መሬት ለመመራት ገና አትሰለፉ።

ስለ አገራችንም ልበል። ኢቲአርኤስኤስ-1 የምትባለው የመጀመሪያ ሳተላይታችን በታኅሣሥ 2019 ከቻይና ነው የወጣችው። 70 ኪሎ ገደማ ናት። የወሰዳት ሮኬት የሚጣል ዓይነት ነበር። 70 ኪሎ ማለት አንድ ኩንታል ጤፍ አይሞላም። ለእንዲህ ያለ ዕቃ ሙሉ ሮኬት የሚከራይ የለም፤ ከሌላው ጋር ተዳብሎ ነው የሚሄደው። ሮኬት እየተመላለሰ ሲሄድ ተዳባዩ ይጠቀማል። ለኛ ትልቁ ለውጥ ጠፈርተኛ መላክ አይደለም፤ የሰብልና የውኃ መረጃ የምታነሳ ሳተላይት በአቅማችን መላክ ነው።

ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ። መብራቱ የሚመጣም አይመስል።

አንድ ተማሪ ለምን ከኛ አገር አይተኮስም አለኝ። ቦታችን መጥፎ አይደለም። ምድር ስትሽከረከር ወገቧ አካባቢ ያለው ይፈጥናል፤ ድሬዳዋ ላይ ቁጭ ብለን በሰዓት 1,650 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ምሥራቅ እየሄድን ነው። ሮኬቱ ያንን ፍጥነት በነጻ ያገኛል። ችግሩ ከምሥራቃችን ሰው አለ፤ የሚወድቀው ብረት ባሕር ያስፈልገዋል። ኬንያ ማሊንዲ አካባቢ ጣሊያኖች ባሕር ላይ በተከሉት መድረክ ከ1967 ጀምሮ ሳተላይት ይተኮስ ነበር። አንዷ በታኅሣሥ 1970 በኬንያ የነጻነት ቀን ወጣችና ኡሁሩ ተባለች፤ ነጻነት ማለት ነው። ጎረቤታችን ጅቡቲም በ2023 ኦቦክ አካባቢ የሮኬት መተኮሻ ለመሥራት ከአንድ የሆንግ ኮንግ ኩባንያ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ፈርማለች። ከተሠራ ከዚህ በባቡር ሄዳችሁ ታያላችሁ።

አንዲት እናት ደግሞ “ልጄ፣ ይሄ ነገር አናታችን ላይ አይወድቅም?” አሉኝ። እትዬ፣ የሚጣለው ይወድቃል። በ2024 መጨረሻ ኬንያ ውስጥ፣ ማኩዌኒ በሚባል አካባቢ፣ ሁለት ሜትር ተኩል ስፋትና 500 ኪሎ ክብደት ያለው የብረት ቀለበት መንደር ላይ ወድቋል። ማንንም አልገደለም። የሮኬት ቁራጭ ነው። “እንግዲያው ይመለስ፣ ይመለስ” አሉ።

የመጨረሻውን የጠየቁት ከፊት የተቀመጡት አባት ናቸው፤ “ማን ፈርሞ አሳለፈው” ያሉት። እጃቸውን ሳያወጡ ቆሙ።

“ጠቁሮ ይመለሳል አልክ።”

አዎ፣ አባባ።

“ታዲያ ማን ነው የሚያጥበው?”

ብዙውን ሳያጥቡት ነው የሚያበሩት፤ ፎቶው ላይም እንደጠቆረ ነው አልኳቸው። ፊታቸው ተለዋወጠ። “ሳይታጠብ ስንጥቁ በምን ይታያል?” አሉ። አጠገባቸው የነበሩት ጡረተኞች በሙሉ አጉረመረሙ።

ሞተሩና መጋጠሚያው ይፈተሻል፤ የሚተወው ቀለሙ ነው አልኳቸው።

“እንደሱ በላ” ብለው ቁጭ አሉ።